ታክሱ አንድ ባይሆን፣ ሒሳቡ አንድ ይሁን

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ወንድማችን ደብዳቤ ይዞ ቤቴ መጣ። ትራክ ከገዛ ገና ዓመት አልሞላውም። ከዚያ በፊት ታክሲ፣ ቀጥሎ ደግሞ ኡበር ሲነዳ የቆየ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ እስቲ ይችን እይልኝ። እንግሊዝኛው አልጠፋኝም፣ ነገሩ ነው ያልገባኝ» አለኝ። ደብዳቤው የመጣው ከሚኖርበት ስቴት የታክስ መሥሪያ ቤት ነው። በሩብ ዓመቱ የነዳጅ ታክስ ላይ ያልከፈልከው ልዩነት አለ፣ ቅጣትና ወለድም ተጨምሮበታል ይላል።

ልጁ ተናዷል። «እኔ እኮ ናፍጣ በነጻ አልቀዳሁም! በየማደያው ታክሱን ከነዋጋው ከፍያለሁ። ደግሞም ሁልጊዜ ርካሽ ስቴት ጠብቄ ነው የምቀዳው። ሁለተኛ የሚያስከፍሉኝ በምን ሒሳብ ነው?»

መልሱን ለሱ ቡና እየጠጣን ነገርኩት። ለብቻው ነግሬው ዝም እንዳልል ግን ጥያቄው የሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ ትራክ የሚነዳው ያገሬ ልጅ ብዙ ነው፣ በየቀኑም እየጨመረ ነው። ብዙዎቻችን ወደ ሥራው የምንገባው በሰው በሰው ነው። መንጃ ፈቃዱን፣ ሎድ አያያዙን፣ ዲስፓቸር አመራረጡን እንማማራለን። የነዳጅ ታክሱን ነገር ግን ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ የሚያነሳው የለም። ከዚህም አልፎ ነገሩ የኛን ኪስ ብቻ ሳይሆን ያገራችንንም መንገድ የሚመለከት ትምህርት ያለው ይመስለኛል። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

ታክሱ የማን ነው?

የነዳጅ ታክስ መነሻው መንገድ ነው። መንገድ የሚያበላሽ ለመንገድ ይክፈል የሚል ሐሳብ ነው። የቤት መኪና የሚነዳ ሰው ሰፈሩ ቀድቶ ሰፈሩ ውስጥ ያቃጥለዋል፤ ታክሱም መንገዱም እዚያው ናቸው። የጭነት መኪና ግን እንዲህ አይደለም። የአንድ ትልቅ ትራክ ሁለት ታንከሮች 200 ጋሎንና ከዚያ በላይ ይይዛሉ። በአንድ ጋሎን 6 ማይል ቢሄድ 200 ጋሎን 1,200 ማይል ያስኬደዋል። ይህ ማለት አንድ ቦታ ቀድቶ አራት አምስት ስቴት አቋርጦ አንዲት ጠብታ ሳይገዛ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። ታክሱን የሸጠው ስቴት ይወስዳል፣ አስፋልቱ የሚቆፈረው ግን የሌላው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ታክሱ የሚገባው ነዳጁ ለተሸጠበት ነው ወይስ መንገዱ ለተነዳበት? ድንበር የሚያቋርጥ ጭነት ባለበት ዓለም ሁሉ ይህ ጥያቄ አለ። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ የመለሱበት መንገድ ደግሞ ለየቅል ነው።

አውሮፓ፦ ታክሱን አንድ ለማድረግ

የአውሮፓ ኅብረት የመረጠው መንገድ የታክሱን መጠን ማቀራረብ ነው። በ2003 የወጣው የኢነርጂ ታክስ መመሪያ ማንም አባል አገር ከዚህ በታች መውረድ የለበትም የሚል ወለል አስቀመጠ። ለናፍጣ በ1,000 ሊትር 302 ዩሮ ተብሎ ተጀመረና ከ2010 ጀምሮ 330 ዩሮ ሆነ። ከወለሉ በላይ ግን እያንዳንዱ አገር እንዳሻው ነው። አንዱ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ብዙ ከፍ ይላል።

ታዲያ ሹፌር ሞኝ አይደለም። በመደበኛ ታንከሩ ይዞት የገባው ነዳጅ በሚቀጥለው አገር እንደገና አይታከስም። ስለዚህ ከጀርመን፣ ከቤልጂየምና ከፈረንሳይ መሀል የተሸጎጠችው ትንሿ ሉክሰምበርግ በርካሽ ናፍጣዋ የከባድ መኪና መሰለፊያ ሆና ኖረች። መኪናው እዚያ ይሞላል፣ መንገዱን የሚያደቀው ጎረቤት ሄዶ ነው። ታክሱ ከፍ ያለባቸው አገሮችም ባለመኪኖቻቸው እንዳይሸሹባቸው ሲሉ ለንግድ መኪና ናፍጣ ከታክሱ ከፊሉን መመለስ ጀመሩ። ፈረንሳይ፣ ቤልጂየም፣ ጣሊያንና ስፔን ይህን ያደርጋሉ። ነገሩን ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ አንዱ አገር የጣለው ዝቅተኛ ታክስ ሌላውን አገር ካዝናውን እንዲከፍት አስገድዶታል።

የአውሮፓ ኮሚሽን ይህን ለማስተካከል በተደጋጋሚ ሞክሯል። በ2007 ለንግድ መኪና የሚሆነውን የናፍጣ ታክስ ወለል ደረጃ በደረጃ አሳድጎ በ2014 ወደ 380 ዩሮ ለማድረስ ሐሳብ አቀረበ። አልሆነም። በ2011 ሌላ ረቂቅ አቀረበ፤ በ2015 ራሱ አነሳው። በ2021 እንደገና አዲስ ረቂቅ ይዞ መጣ፤ ድርድሩም ዓመታት ፈጀ። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። በኅብረቱ ውስጥ የታክስ ጉዳይ የሚወሰነው በሙሉ ድምፅ ነው። ከሃያ ሰባቱ አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ ያበቃል። በርካሽ ናፍጣው የሚጠቀመው አገር ደግሞ በምን ሒሳብ እሺ ይላል? የገዛ ገበያውን በገዛ እጁ ዝጋ ማለት እኮ ነው።

ስለዚህ ብዙዎቹ በሌላ በር ሄዱ። ስዊዘርላንድ (የኅብረቱ አባል ባትሆንም) በ2001፣ ኦስትሪያ በ2004፣ ጀርመን በ2005፣ ቤልጂየም በ2016 ከባድ መኪናን በሄደው ኪሎ ሜትር ማስከፈል ጀመሩ። ናፍጣውን ከየትም ቅዳ፣ መንገዴን ስትነዳ ለመንገዴ ክፈል አሉ። እኔ እንደሚገባኝ ይህ በተዘዋዋሪ መንገድ ያሰቡበት መድረስ ነው። ግን ሹፌሩ አሁን ሁለቱንም ይከፍላል፣ የነዳጅ ታክሱንም የመንገዱንም።

ሰሜን አሜሪካ፦ ሒሳቡን አንድ ማድረግ

አሜሪካ ውስጥም የታክሱ መጠን እንደ ስቴቱ ነው። የፌዴራሉ የናፍጣ ታክስ በጋሎን 24.4 ሳንቲም ነው፤ ከ1993 ጀምሮ አልተጨመረበትም፣ በሁሉም ቦታ እኩል ነው። የስቴቶቹ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ቴክሳስ ከ1991 ጀምሮ 20 ሳንቲም ላይ ናት፤ ፔንስልቬንያ ከ70 ሳንቲም በላይ ታስከፍላለች። ታክሳችሁን እኩል አድርጉ ብትሏቸው እንደ አውሮፓ ሲከራከሩ ይኖሩ ነበር።

በፊት የነበረውን ከሽማግሌ ሹፌሮች አፍ ሰምቻለሁ። አንድ ትራክ ለሚያልፍበት ለእያንዳንዱ ስቴት የተለየ ፈቃድ፣ የተለየ ስቲከር፣ የተለየ ሪፖርት ያስፈልገው ነበር። የመኪናው በር በተለጣፊ ተሸፍኖ መልኩ አይታይም። አንዷ ከጎደለች በድንበሩ ጣቢያ ቅጣት ነው።

ከዚያ በ1983 አሪዞና፣ አይዋና ዋሽንግተን ስቴት ተስማምተው አንድ ውል ጀመሩ። ዓለም አቀፍ የነዳጅ ታክስ ስምምነት ይባላል፤ እኛ ሹፌሮች በአጭሩ «ኢፍታ» የምንለው ማለት ነው። ኮንግረስ በ1991 ባወጣው ሕግ ስቴቶች እስከ 1996 መስከረም መጨረሻ እንዲገቡበት ገፋቸው። ዛሬ 48ቱ ተያያዥ ስቴቶችና አሥሩ የካናዳ ክፍለ አገሮች አባል ናቸው። አላስካ፣ ሐዋይና ዋሽንግተን ዲሲ የሉበትም፤ ሜክሲኮም የለችበትም።

የስምምነቱ ብልሃት ማንንም ታክስህን ቀንስ ወይም ጨምር አለማለቱ ነው። ቴክሳስ በ20 ሳንቲሟ፣ ፔንስልቬንያ በሰባ ምናምኗ እንዳሉ ናቸው። የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታክሱ ነዳጁ ለተቃጠለበት ስቴት ይሂድ፣ ሒሳቡም በአንድ ቦታ ይሠራ። ክብደቱ ከ26,000 ፓውንድ የበለጠ ወይም ሦስትና ከዚያ በላይ አክስል ያለው፣ ከአንድ ስቴት በላይ የሚሠራ መኪና ሁሉ መኖሪያ ስቴቱ ላይ ይመዘገባል። አንድ ፈቃድና ሁለት ስቲከር ይሰጠዋል። በዓመት አራት ጊዜ፣ ማለትም ሚያዝያ 30፣ ሐምሌ 31፣ ጥቅምት 31 እና ጥር 31 (ወሮቹም እንደ ፈረንጅ ናቸው) ሪፖርት ያስገባል። የሚከፍለው ካለ አንድ ቼክ ይጽፋል፣ መኖሪያ ስቴቱ ለሌሎቹ ያከፋፍላል። የካናዳው ሊትርና ዶላር ሳይቀር በዚያው ወረቀት ላይ ይመነዘራል። የቄሳርን ለቄሳር የሚለው ነገር እዚህ ላይ በሥራ ተተርጉሟል ማለት ይቻላል።

የልጁ ደብዳቤ

አሁን ወደ ወንድማችን እንመለስ። ሒሳቡን በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ቁጥሩን ለመረዳት እንዲቀል ብዬ ያመጣሁት ነው።

በሩብ ዓመቱ 30,000 ማይል ነዳህ፣ 5,000 ጋሎን ቀዳህ እንበል። 30,000 ለ5,000 ሲካፈል በጋሎን 6 ማይል ሄደሃል። ታክሱ 60 ሳንቲም በሆነ ስቴት ውስጥ 6,000 ማይል ነድተህ ከሆነ 1,000 ጋሎን እዚያ አቃጥለሃል። እዚያ የገዛኸው ግን 400 ጋሎን ብቻ ነው። የ600 ጋሎን ታክስ፣ ማለትም 360 ዶላር አለብህ። ታክሱ 20 ሳንቲም በሆነው ሌላ ስቴት ደግሞ 3,000 ማይል ነድተህ 500 ጋሎን አቃጠልክ፤ የገዛኸው 900 ነው። በ400 ጋሎን ተመላሽ አለህ፣ 80 ዶላር ማለት ነው። 360 ሲቀነስ 80፣ የምትከፍለው 280 ዶላር ሆነ።

ልጁን የገጠመው ይኸው ነው። ሁለቴ አልተከፈለበትም። ዝቅተኛ ታክስ ባለበት ቀድቶ ከፍተኛ ታክስ ባለበት ነድቷል፤ ልዩነቱ ነው የመጣበት። ያውም ሪፖርቱን አዘግይቶ ስላስገባ ቅጣት ተጨመረበት። ቅጣቱ 50 ዶላር ወይም ከዕዳው 10 በመቶ ነው፣ ከሁለቱ የበለጠው ይወሰዳል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። «ርካሽ ስቴት ጠብቄ እቀዳለሁ» ያለው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ይህ ነው። ማደያው ላይ በትልቁ የተለጠፈው ዋጋ ታክሱን ይዞ ነው የሚነበበው። ታክሱ ግን የትም ቅዳ የትም በነዳህበት ይታሰብብሃል። ስለዚህ ማወዳደር ያለብህ ታክሱ ተቀንሶ የሚቀረውን ዋጋ ነው። አንዱ ስቴት ናፍጣ 4 ዶላር ይሸጣል፣ ከዚያ ውስጥ 75 ሳንቲሙ የስቴቱ ታክስ ነው እንበል። የነዳጁ ዋጋ 3 ዶላር ከ25 ሆነ። ሌላው ስቴት 3 ዶላር ከ70 ይሸጣል፣ ታክሱ 25 ሳንቲም ብቻ ነው። የነዳጁ ዋጋ 3 ዶላር ከ45 ሆነ። በ30 ሳንቲም ረከሰ ያልከው ማደያ በእውነቱ በ20 ሳንቲም ተወደደ! በ200 ጋሎን 40 ዶላር ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲህ ብትቀዳ በሃምሳ ሳምንት 4,000 ዶላር ታጣለህ። ይህን የሚያውቁት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለሹፌሮቻቸው የት እንደሚቀዱ በኮምፒውተር ይነግሯቸዋል። ባለ አንድ ትራኩ ግን በምልክቱ ይመራል።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። የማይልና የነዳጅ መዝገብ ለ4 ዓመት መቀመጥ አለበት። እያንዳንዱ ስቴት ካሉት ተመዝጋቢዎች በዓመት በአማካይ 3 በመቶውን ኦዲት እንዲያደርግ ስምምነቱ ያስገድደዋል። ኦዲተሩ መጥቶ መዝገብህ ካላጠገበው፣ በጋሎን የሄድከውን ወደ 4 ማይል ሊያወርደው ወይም ካስመዘገብከው ላይ 20 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ከላይ ባለው ምሳሌ ወደ 4 ከወረደ 5,000 ጋሎን ያልከው 7,500 ሆነ። በእጅህ ደረሰኝ ያለህ ለ5,000ው ብቻ ነው፤ የ2,500 ጋሎን ታክስ ክፈል ትባላለህ። በአማካይ 40 ሳንቲም ብናስበው ለአንድ ሩብ ዓመት 1,000 ዶላር ነው። አራት ዓመት ማለት አሥራ ስድስት ሩብ ዓመት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ የተጠቀጠቀ ደረሰኝ ያን ጊዜ አያድንም።

ሦስተኛው በሰው ፈቃድ ሥር የሚሠሩትን የሚመለከት ነው። እኔ መጀመሪያ መኪናዬን ለአንድ ኩባንያ በሊዝ አስገብቼ ስሠራ በየሳምንቱ «የነዳጅ ታክስ» እየተባለ ያው የተወሰነ ገንዘብ ይቆረጥብኝ ነበር። ሒሳቡን ስጠይቅ «ሁሉም ሰው ይቆረጥበታል» ተባልኩ። አፍሬም ይሁን ፈርቼ ዝም አልኩ። በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በጽሑፍ ጠይቅ ብሎ መከረኝና ጠየቅሁ። ወረቀቱ ሲመጣ በሁለት ሩብ ዓመት ውስጥ ጭራሽ ተመላሽ የነበረኝ ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡ የኔ ነበር፣ የቆየው ግን እነሱ ጋ ነው። የፌዴራሉ የሊዝ ደንብ ከሹፌር ሒሳብ የሚቆረጥ ነገር ሁሉ እንዴት እንደሚሰላ በውሉ ላይ እንዲጻፍ፣ ባለመኪናውም ልክ መሆኑን የሚያጣራበት ሰነድ እንዲሰጠው ያዛል። መብታችን ነው። ማፈር የለብንም።

ጉድለቱንም እንናገር

ኢፍታን እያመሰገንኩ ብቻ ብወጣ ሐቀኛ አልሆንም። የመጀመሪያው ጉድለት ሸክሙ እኩል አለመሆኑ ነው። አምስት መቶ ትራክ ያለው ኩባንያ ለዚህ ሥራ የተቀጠረ ሰው አለው። ባለ አንድ ትራኩ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ከመንገድ ገብቶ፣ ልጆቹን ሳያይ በእስኪሪብቶ ይደምራል ወይም ለሰው ይከፍላል። ከ2017 ታኅሣሥ ጀምሮ አብዛኞቻችን በመኪናው ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ሎግ መያዣ እንድናስገባ ተገደናል። ያ ማሽን የት እንዳለን ያውቃል። እንቅልፋችንን ለመቁጠር የታመነ ማሽን ማይላችንንም በየስቴቱ ቆጥሮ ሪፖርቱን ከሞላ ጎደል ራሱ ቢያዘጋጅ፣ ስቴቶቹም ያንን ያለ ተጨማሪ ጣጣ ቢቀበሉ ምን ነበረበት? ይህ ልንጠይቀው የሚገባ ነገር ነው።

ሁለተኛው፣ ከስምምነቱ ውጪ የቀሩ ክፍያዎች መኖራቸው ነው። ኦሪገን በ1919 በአገሪቱ የመጀመሪያውን የቤንዚን ታክስ የጣለች ስቴት ናት። ዛሬ ግን ከባድ መኪናን በናፍጣው ሳይሆን በክብደቱና በሄደው ማይል ነው የምታስከፍለው። ኬንታኪ፣ ኒው ዮርክና ኒው ሜክሲኮ ከነዳጅ ታክሱ በላይ የማይል ክፍያ አላቸው፤ ኮነቲከትም በ2023 ጀመረች። ለእያንዳንዱ የተለየ ምዝገባ፣ የተለየ ሪፖርት ነው። ቀስ በቀስ ወደዚያ ወደ ተለጣፊው ዘመን እየተመለስን እንዳይሆን እፈራለሁ።

ሦስተኛው ከፊታችን ያለው ነው። ኤሌክትሪክ ትራክ ናፍጣ አይቀዳም። ናፍጣ ካልተቀዳ የናፍጣ ታክስ የለም፤ መንገዱ ግን ያው ይቆፈራል። ስቴቶች ዛሬም ነገም ሁሉንም መኪና በማይል ወደ ማስከፈል መሄዳቸው አይቀርም። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ስቴት የየራሱን ማሽንና ወረቀት ይዞ ከመጣ ትንሹ ሰው ይደቃል። እንደ ኢፍታ በአንድ ቦታ ተመዝግቦ፣ በአንድ ወረቀት የሚከፈል ከሆነ ግን ሊኖሩበት ይቻላል። ሕጉ ሲረቀቅ የሹፌር ማኅበራት ይጠየቃሉ። እኛ በቁጥር ይህን ያህል ሆነን በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አለመታየታችን ያሳዝነኛል።

ያገራችን መንገድ

ይህን ሁሉ ሳስብ ልቤ የሚሄደው ወደ ጅቡቲ መንገድ ነው። ኢትዮጵያ ከ1993 ጀምሮ ወደብ የላትም። ከገቢና ወጪ ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ዘይቱም ማዳበሪያውም ናፍጣው ራሱ የሚመጣው ሹፌሮቻችን በዚያ ሙቀት ጋላፊን ተሻግረው ነው። ነገ በርበራም ላሙም ሲጨመር ድንበሩ ይበዛል። ድንበር ሲበዛ ደግሞ በየኬላው የሚጠየቀው ክፍያና ወረቀት ይበዛል።

በነዳጅ ዋጋ መራራቅ የሚመጣውን ጣጣም በዓይናችን አይተነዋል። መንግሥት ናፍጣን ሲደጉም ዋጋው ከጎረቤት አገሮች ስለሚያንስ ነዳጁ በበርሜል እየተጫነ ድንበር ይሻገር እንደነበር ራሳቸው ባለሥልጣኖቹ ተናግረዋል። በ2022 ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ለማንሳት ሲጀምሩ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነበር። ሉክሰምበርግ ላይ ትራክ ያሰለፈው ነገር እና እኛ ድንበር ላይ በርሜል ያሰለፈው ነገር አንድ ነው። ልዩነቱ እዚያ በሕግ፣ እዚህ በጨለማ መሆኑ ነው።

አንዳንድ ሰው መፍትሔው የቀጣናው አገሮች የነዳጅ ዋጋና ታክሳቸውን አንድ ቢያደርጉ ነው ይላል። እኔ አልስማማም። አውሮፓ በአንድ ገንዘብ፣ በአንድ ፓርላማ፣ በሃያ ዓመት ያልቻለችውን ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያና ኬንያ በአንድ ስብሰባ ይችሉታል ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። የየአገሩ ካዝና የተለያየ ነው፣ ችግሩም የተለያየ ነው። አንዱ ድጎማ የሚያስፈልገው ድሃ አለው፣ ሌላው ከወደብ ሌላ ገቢ የለውም። ማንም መንግሥት የታክስ ሥልጣኑን ለጎረቤቱ አይሰጥም። ሒሳብ ለመተሳሰብ ግን ሥልጣን መስጠት አያስፈልግም።

ደግሞም ከባዶ አንነሳም። ኢትዮጵያም ጅቡቲም አባል የሆኑበት ኮሜሳ ድንበር ለሚያቋርጡ ከባድ መኪኖች በ100 ኪሎ ሜትር 10 ዶላር የሚል የጋራ የመንገድ ክፍያ መነሻ ካወጣ ብዙ ጊዜው ነው። የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ደግሞ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይሠራል። ሹፌሩ ካገሩ ገዝቶ ይወጣል፣ በሌላው አባል አገር አደጋ ቢደርስ የሁለቱ አገር ቢሮዎች እርስ በርስ ይተሳሰባሉ። እስቲ አስቡት፣ ይህ የኢፍታ ሐሳብ አይደለም እንዴ? አገርህ ላይ ተመዝገብ፣ አንድ ወረቀት ያዝ፣ ሌላውን መንግሥታቱ ይጨርሱት። ለአደጋ የተቻለው ለመንገድ ክፍያ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

በኔ አስተያየት በአዲስ አበባና በጅቡቲ መሀል ሊጀመር ይችላል። ሁለት አገር ብቻ፣ አንድ መንገድ ብቻ። ኢፍታም የጀመረው በሦስት ስቴት ነው። መኪናው ባገሩ ይመዘገባል፤ የተጓዘው ኪሎ ሜትር በየድንበሩ በገባና በወጣ ቁጥር ይመዘገባል፤ በየሩብ ዓመቱ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ይተሳሰቡና ልዩነቱን ብቻ ይከፋፈላሉ። ሹፌሩ ኬላ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቆጥርም። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ላለባት አገራችን ልዩነቱን ብቻ መክፈል ራሱ ቁም ነገር ነው።

አንድ ችግር እንዳለ አልክድም። ይህ ነገር የሚቆመው በመተማመን ላይ ነው። ጅቡቲ የኢትዮጵያን ቆጠራ፣ ኢትዮጵያም የጅቡቲን ማመን አለባት። ኢፍታ ውስጥም ስቴቶቹ የሚተማመኑት ስለሚዋደዱ አይደለም። ኦዲት ስላለ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ስለሚያይ ነው። ያለ ኦዲት ከተጀመረ የጉቦ ሌላ በር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ባይጀመር ይሻላል።

ለኛ ለሹፌሮቹ

ወደ ልጁ ልመለስና ላብቃ። ያን ዕለት ደረሰኞቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን በየስቴቱ ደረደርናቸው። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። ዕዳው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ከፈለው። ሲወጣ «ይህን ነገር ከመጀመሪያው የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ» አለ። እውነቱን ነው።

በየከተማው ማኅበር አለን፣ ዕቁብ አለን፣ ዕድር አለን፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለን። በዓመት አራት ጊዜ፣ ሪፖርቱ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ የሚያውቅ ሰው ለሁለት ሰዓት ቢያስተምር ምን ይጎድልብናል? አዳራሹ አለ፣ ቡናውም አለ። እኔ በበኩሌ እዚህ ከተማ ለመጀመር ፈቃደኛ ነኝ፤ ወንድማችንም ደረሰኞቹን ለማሳያ ይዞ እንደሚመጣ ቃል ገብቷል።

መንገዱን ሰላም ያድርግልን።